የእግረኛ መንገድ የሚበላሸው መሠረት ሲቆፈር ነው

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ በተለያየ ጊዜ የደረሱን ደብዳቤዎች ጉዳያቸው አንድ በመሆኑ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። በአዳዲስ የመኖሪያ መንደሮችና የንግድ ሕንጻዎች ፊት ለፊት የሚያልፈው የእግረኛ መንገድ የማን ነው፣ ማን ይሠራዋል፣ ምን ያህል ይሰፋል፣ ማንስ ይጠብቀዋል የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካንም። የጸሐፊዎቹን ስምም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በደሴ ከተማ ዳርቻ በተሰጠን ቦታ ላይ ቤት ለመሥራት የተደራጀን የመኖሪያ ቤት ማኅበር አባላት ነን። ቦታው ተዳፋት ነው። በሳይት ፕላኑ (የመንደሩ የቦታ አቀማመጥ ንድፍ) ላይ በቤቶቻችን መካከል የሚያልፍ የ10 ሜትር መንገድ ተመልክቷል። ከአባሎቻችን ገሚሱ “የእግረኛ መንገድ መሥራት የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ እኛ አጥራችንን እስከ ካርታችን ጫፍ እንሥራ፣ የቀረው አይመለከተንም” ይላሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ኋላ ከመጸጸት ዛሬውኑ ተስማምተን ብናዘጋጀው ይሻላል እንላለን። ማን ነው ትክክል? (የማኅበር ጸሐፊ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ አባላት ስለ ወሰኑ የተናገሩት ትክክል ነው። በይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁ ላይ ከተመለከተው ወሰን ውጭ ያለው መሬት የሕዝብ መንገድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መንገዶችንና ጎዳናዎችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ጋር የሚቆጥራቸው ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ንብረት በይርጋ የግል ሊሆን እንደማይችልም ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ አባል አጥሩን ግማሽ ሜትር ወደ መንገዱ አውጥቶ ሃያ ዓመት ቢኖርበት እንኳ ያ ግማሽ ሜትር የእሱ አይሆንም። ይህን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ገና ከጅምሩ አንብባችሁ በቃለ ጉባኤ ብታሰፍሩት ብዙ የጎረቤት ጠብ ታስቀራላችሁ።

“የቀረው አይመለከተንም” በሚለው ግን አልስማማም። በከተሞቻችን እንደምናየው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን የሚነጠፈው ብዙውን ጊዜ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ፣ የከተማ አስተዳደሩም ድርሻውን ጨምሮ ነው፤ ይህም ቤቶቹ ተሠርተው ሰው ከገባባቸው ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ንጣፉን ቆይቶ ማምጣት ይቻላል፤ ቆይቶ የማይመጣው ከፍታው ነው። እያንዳንዱ አባል የግቢ በሩን በገዛ መሐንዲሱ ምክር፣ አንዱ ከመንገዱ 20 ሳ.ሜ.፣ ሌላው 70 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጎ ከሠራ፣ መኪናው እንዲገባለት ከበሩ እስከ መንገዱ በሲሚንቶ ጉብታ ማበጀቱ አይቀርም። ሠላሳ ቤት ሠላሳ ጉብታ ይሆናል። የእግረኛ መንገድ ኋላ ቢመጣም በእነዚህ ጉብታዎች መካከል ይቆራረጣል፤ አሮጊቷም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ውሃ በጀሪካን የምትሸከመው ልጅም መሐል መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ከመሠረት ቁፋሮ በፊት አንድ ቀያሽ ቀጥራችሁ የመንገዱን የመጨረሻ ከፍታ ከላይ እስከ ታች በየቤቱ ፊት እንዲያወጣላችሁ አድርጉ። ከፍታው በየወሰን ድንጋዩ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ከዚያ የእያንዳንዱ የግቢ በር ደፍ ከዚያ ምልክት ጋር ተያይዞ ይወሰን፤ የሚቀረውን የከፍታ ልዩነት ባለቤቱ በግቢው ውስጥ ይጨርሰው። ተዳፋት ላይ ይህ ቀላል አይደለም፣ ከታችኛው ጎን ላሉት ቤቶች የድጋፍ ግንብ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ ከማፍረስ እጅግ ይቀልላል።

10 ሜትሩን ስለመከፋፈል፦ 6 ሜትሩ ለተሽከርካሪ፣ በግራና በቀኝ 2 ሜትር ሁለት ሜትር ለእግረኛ ቢሆን በመኖሪያ መንደር ተስማሚ ነው። ሁለት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ሳይነካኩ ለመተላለፍ 1.8 ሜትር ያህል ያስፈልጋቸዋል። የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ከእግረኛው መንገድ ሥር አድርጋችሁ በጠንካራ ክዳን ሸፍኑት፤ ክፍት ቦይ ከተተወ 2 ሜትሩ 1.2 ሜትር ሆኖ ይቀራል፣ በክረምት ማታም መብራት ሲጠፋ ሰው ይገባበታል። በጦሳ ተራራ ሥር የተሠራች ከተማ ውስጥ የሐምሌና የነሐሴ ውሃ እንዴት እንደሚወርድ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የመብራት ምሰሶ ሲተከልም በእግረኛው መንገድ መሐል እንዳይሆን፣ ወደ ጠርዝ ድንጋዩ እንዲጠጋ ከተከላው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከተተከለ በኋላ የሚያነሳው አታገኙም።

በመጨረሻም የከተማችሁን መዋቅራዊ ፕላንና ለአካባቢው የተዘጋጀ የአካባቢ ልማት ፕላን ካለ እሱን ጠይቃችሁ ተመልከቱ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 እነዚህን ሁለት የፕላን ዓይነቶች ያውቃል። የመንገዱ ስፋት የሚወሰነው በእነሱ እንጂ በማኅበሩ ምርጫ አይደለም፤ ሳይት ፕላናችሁ ከእነሱ ጋር የማይጣጣም ሆኖ ከተገኘ አሁኑኑ ማስተካከል ይሻላል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንጻ እያስገነባሁ ነው። ስትራክቸሩ (የሕንጻው አጽም) አልቋል። መሐንዲሱ ጎርፍ እንዳይገባ በማለት የምድር ቤቱን ወለል ከአስፋልቱ ጠርዝ 80 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጎታል። አሁን ወደ ሱቆቹ ለመግባት ደረጃ ያስፈልጋል፤ ደረጃውን ከሕንጻው ፊት 2.5 ሜትር በሚሰፋው የእግረኛ መንገድ ላይ ለማውጣት ሳስብ፣ ጎረቤቶቼ ኋላ ይፈርስብሃል አሉኝ። ግን እኮ ሌላ ብዙ ሕንጻ እንዲሁ አድርጓል። ምን ይሻለኛል? (ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ እውነታቸውን ነው፤ ደረጃዎን ሕዝብ መንገድ ላይ ማውጣት የለብዎትም። ሌላው አድርጎታል የሚለው ምክንያት ከመፍረስ አያድንዎትም። ይልቁንም ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንመልከተው፤ መፍትሔው የሚገኘው ከቁጥሩ ውስጥ ነውና።

የጠርዝ ድንጋዩ ከአስፋልቱ 15 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ይላል። የእግረኛ መንገዱ ደግሞ የዝናብ ውሃ ወደ አስፋልቱ እንዲፈስ በመቶ ሁለት ያህል ዘንበል ስለሚል፣ በ2.5 ሜትር ስፋት ላይ ሌላ 5 ሳ.ሜ. ይጨምራል። ስለዚህ በሕንጻዎ ግድግዳ ሥር የእግረኛ መንገዱ ከአስፋልቱ 20 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወለልዎ 80 ሳ.ሜ. ከሆነ የቀረዎት ልዩነት 60 ሳ.ሜ. ነው። ይህን በ15 ሳ.ሜ. እርከን ለመውጣት አራት እርከን ያስፈልጋል፤ እግር የሚያርፍባቸው ሦስት ገጾች 30 ሳ.ሜ. ቢሰፉ 90 ሳ.ሜ. ከሕዝቡ መንገድ ላይ ይነሣል። የቀረው 1.6 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የመብራት ምሰሶ፣ የተከራዩ የዕቃ ማሳያ፣ የሊስትሮ ወንበር ሲጨመር ለእግረኛው የሚተርፈው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ነገር ይሆናል።

ከዚህም በላይ ደረጃ ብቻውን በቂ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንጻ የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትንና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉትን ጨምሮ፣ የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ምድር ቤቱን ለባንክ ወይም ለክሊኒክ ለማከራየት ካሰቡ ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከትዎታል። ለራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ለሚሠራ እርከን የሌለው ተዳፋት መግቢያ፣ በሰፊው የሚሠራበት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ማለትም 1 ሳ.ሜ. ለመውጣት 12 ሳ.ሜ. ርዝመት። 60 ሳ.ሜ. ለመውጣት 7.2 ሜትር ያስፈልጋል። ይህ በ2.5 ሜትር መንገድ ላይ በምንም መልኩ አይገባም፤ ብዙዎች ያን ቀጥ ያለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ተገልብጦ የሚወድቅበትን የይስሙላ ራምፕ የሚሠሩት በዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለው ራምፕ ባይሠራ ይሻል ነበር፤ ሰው አምኖት ይጎዳልና።

ታዲያ ምን ይደረግ? ደረጃውንና ራምፑን ወደ ሕንጻው ውስጥ ያስገቡት። የመግቢያውን በር ከግድግዳው መስመር ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርገው አራቱን እርከኖች በራስዎ ይዞታ ላይ ያስጨርሱ። ራምፑ ከሕንጻው ፊት ጋር ጎን ለጎን፣ በግድግዳው ውስጠኛ ጎን፣ 1.2 ሜትር ያህል ስፋት ይዞ ይሂድ፤ ከታችና ከላይ ወንበሩ የሚዞርበት 1.5 ሜትር ጠፍጣፋ ቦታ ይኑረው፤ መደገፊያም ይሠራለት። ከአንድ ሱቅ ላይ ጥቂት ካሬ ሜትር ይቀንስብዎታል፤ ይህን አልክድም፣ የኪራይ ገንዘብ ነው። ሌላው አማራጭ የምድር ቤቱ ወለል ኮንክሪት ገና ካልተሞላ በመግቢያው በኩል ዝቅ አድርጎ መሙላት ነው። ይህን ግን የግሬድ ቢሞቹን (ከወለሉ ሥር ያሉትን የኮንክሪት ማሰሪያዎች) ከፍታ የሚያውቀው የስትራክቸር መሐንዲስ ሳይፈርም እንዳይሞክሩት፤ የዲዛይን ለውጡም ለከተማው የሕንጻ ሹም ቀርቦ ይጽደቅ።

ስለ ጎርፉ፣ የመሐንዲስዎ ስጋት ተገቢ ነው፤ የቦርከና ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን ጎርፍን የሚመልሰው ከወለል ከፍታ ይልቅ በትክክል የተሠራና የተጠረገ ቦይ ነው። የጣሪያ አሸንዳዎን ውሃ በቱቦ ከእግረኛው መንገድ ሥር አሳልፈው ወደ ቦዩ ያስገቡት፤ በእግረኛው ላይ እንዲፈስ አይተዉት። ከበሩ ፊት በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ቀጭን የውሃ መያዣ ማበጀትም ይረዳል። የፍርግርጉ ክፍተት ከጣት የሰፋ አይሁን፤ አቅጣጫውም ከሰው አካሄድ ጋር የተሻገረ ይሁን፣ የከዘራ ጫፍና የወንበር ጎማ እንዳይገባበት።

ይህን ያህል የረዘምኩት ጥያቄው የእርስዎ ብቻ ስላልሆነ ነው። በተለይ ደሴ ላይ ለሚሠሩ አንባብያን አንድ ነገር ልጨምር። በመቶ አሥር በሚያዘቀዝቅ መንገድ ላይ 20 ሜትር ፊት ያለው ሕንጻ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 2 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለው። ምድር ቤቱ በሙሉ በአንድ ከፍታ ከተሠራ፣ በላይኛው ጫፍ ያለው ሱቅ ከመንገዱ ጋር ሲገጥም የታችኛው 2 ሜትር አየር ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ ደረጃውን መንገድ ላይ ከመዘርጋት ሌላ የሚያደርገው የለም። መፍትሔው ወለሉን በየሱቁ እየቆረጡ ማውረድ ነው። ሱቁ 4 ሜትር ቢሰፋ በየሱቁ 40 ሳ.ሜ. ዝቅ ይላል፣ እያንዳንዱ በርም ከፊቱ ካለው የእግረኛ መንገድ ጋር ይቀራረባል። ይህ በንድፍ ወረቀት ላይ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ አባቴ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። አርብ አርብ ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ የምንወስዳቸው እኔና ወንድሜ ነን። በመንገዳችን ላይ አንድ ሕንጻ እየተሠራ ነው፤ ከስምንት ወር በላይ የእግረኛ መንገዱ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ከአጥሩ ውጭም አሸዋና ጠጠር ተከምሮ ይገኛል። አባታችንን በባጃጅና በአይሱዙ መካከል አስፋልት ላይ እንገፋቸዋለን። አንድ ቀን እንዳይገጩብኝ እፈራለሁ። ለማን አቤት ልበል? (ከተማዬ አይጠቀስ ያሉ እኅት)

መልስ፦ እኅቴ፣ በቅድሚያ ለአባትሽ ጤና እመኛለሁ። የደረሰባችሁ ነገር በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሕንጻ አዋጁ ገንቢው በግንባታ ወቅት የሰውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገድንና መጓጓዣን ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ማድረግን ግዴታ ያደርጋል። ሥራው የእግረኛ መንገዱን ለመያዝ የግድ ከሆነበት እንኳ ገንቢው ከአስፋልቱ በጠንካራ አጥር የተከለለ፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር የሚሰፋ፣ ከላይ ዕቃ ቢወድቅ የሚመክት ጊዜያዊ መተላለፊያ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። የአሸዋ ክምር ደግሞ ምንም ሰበብ የለውም፤ ከቆርቆሮው አጥር ውስጥ ይግባ።

አቤቱታሽን በጽሑፍ ለከተማው የሕንጻ ሹም አቅርቢ። የቦታውን አድራሻ፣ የጀመረበትን ጊዜ ግምት፣ የአባትሽን ሁኔታ ጻፊበት፤ ቀን ያለው ፎቶግራፍ አያይዢ፤ ያስገባሽበት ማኅተምና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ያዢ። የቃል አቤቱታ ይረሳል። የሰፈሩ ሰው አብሮ ቢፈርም ይበረታል፤ በሰፈሩ ያሉ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ገንቢውን አነጋግረው ክምሩን ማስነሳታቸውም በአገራችን የተለመደ መንገድ ነውና አትናቂው፣ ከደብዳቤው ሊፈጥን ይችላል። እስከዚያው አስፋልት ላይ መውረድ የግድ ከሆነባችሁ፣ የመንገዱን ግራ ይዛችሁ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ፤ ወንድምሽም ቀደም ብሎ እጁን እያሳየ ይሂድ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖር ወንድሜ እዚያ አዲስ ቤቶችንም ሆነ ሱቆችን የሚሠራ ሰው የእግረኛ መንገዱን ራሱ ሠርቶ ካላሳየ ሰው ማስገባት አይፈቀድለትም አለኝ። እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም? (መምህር፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ወንድምዎ የነገሩዎት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚሠራበት ነው። ሕጉ ከከተማ ከተማ ቢለያይም በአብዛኛው አልሚው በቦታው ፊት የእግረኛ መንገድ እንዲሠራ የግንባታ ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ያደርግበታል፤ አንዳንድ ከተሞችም መሥራት የማያመች ሲሆን በምትኩ ለከተማው የእግረኛ መንገድ ማሠሪያ ገንዘብ እንዲከፍል ይፈቅዳሉ። ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአካል ጉዳተኞችን የሚመለከት አገር አቀፍ ሕግ አላቸው። ከዚያ ሕግ ጋር ተያይዞ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕዝብ መንገዶች መመሪያ ለእግረኛ ክፍት የሚሆነው ስፋት ቢያንስ 1.22 ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። ለእኛ ተራራማ ከተሞች የሚጠቅም አንድ ነገርም አለበት፦ መንገዱ ራሱ ቁልቁለት ከሆነ የእግረኛው መንገድ የመንገዱን ቁልቁለት ተከትሎ ሊሄድ ይችላል፣ ከእሱ ግን እንዳይበልጥ። ደሴ ላይ የአንድ ለአሥራ ሁለቱን ልክ በየአቀበቱ ማሟላት አይቻልም፤ የማይቻለውን ጠይቆ ሁሉንም ከመተው ይህ ብልህነት ነው።

ግን ድክመቱንም ልንገርዎት። እያንዳንዱ አልሚ በራሱ ቦታ ፊት ብቻ ሲሠራ፣ ያልተሠራበት ባዶ ቦታ በመሐል ይቀርና መንገዱ ይቆራረጣል፤ ጥሩው ንጣፍ ከአንድ ሕንጻ ፊት ጀምሮ በሚቀጥለው አጥር ሥር ያልቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ፦ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ዋና ዋና መንገዶችን በአንድ ጊዜ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ያስገኝላቸዋል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ግን በአብዛኛው ከዚያ ሥራ ውጭ ናቸው። እንደ እኔ አስተያየት ከተሞቻችን ከአሜሪካኖቹ ሊወስዱ የሚገባቸው አንዱን ነገር ነው፤ ይኸውም ለትላልቅ ሕንጻዎች የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በሕንጻው ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ከፍታው፣ ስፋቱና የቦዩ ክዳን ተለክቶ የሚረጋገጥበትን አሠራር። ገንዘቡን ማን ያውጣ የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ያወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ለእግረኛና ለብስክሌት ቅድሚያ መስጠትን ስለሚያዝዝ፣ ይህን የሚጠይቅ የከተማ ምክር ቤት አባል ከአገሪቱ ፖሊሲ ጋር አይጋጭም።

ጥያቄ፦ ከሱቄ ፊት በእግረኛው መንገድ ላይ ለጥላ የሚሆን ዛፍ መትከል እችላለሁ? (ባለ ሱቅ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከከተማ አስተዳደሩ ፈቃድ ካገኙ መልካም ነው፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ጥላ ይፈልጋል። ከግድግዳዎ አጠገብ ሳይሆን ወደ ጠርዝ ድንጋዩ አስጠግተው ይትከሉት፤ በዛፉና በግድግዳው መካከል ለእግረኛ 1.8 ሜትር ክፍት ይቅር። ባሕር ዛፍ አይትከሉ፣ ሥሩ ንጣፉን ያነሳዋል። በግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር በሲሚንቶ አይድፈኑት። ጉድጓዱን ከመቆፈርዎ በፊትም የውሃ ቱቦ ወይም የመብራትና የስልክ ኬብል በሥሩ እንደማያልፍ ከየመሥሪያ ቤቶቹ ያረጋግጡ።